የሃንክ አሮን 715ኛ ሆም ራን

የሃንክ አሮን 715ኛ ሆም ራን የአትላንታ ብሬቭስ ቡድን ተጫዋች የነበረው ሄንሪ ሉዊስ (ሃንክ) አሮን ኤፕሪል 8 ቀን 1974 እ.ኤ.አ. (መጋቢት 30 ቀን 1966 ዓ.ም.) ምሽት በአሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት፣ አትላንታ ከተማ የመታው የቤዝቦል ምት ነው። በዚህ ምት አሮን ቤብ ሩት በ1935 ያስመዘገበውንና ለ39 ዓመታት ማንም ያልደረሰበትን የ714 ሆም ራን ክብረ ወሰን ሰበረ። ክስተቱ በአሜሪካ ስፖርት ታሪክ ውስጥ በብዛት ከሚታወሱት አንዱ ነው። በስታዲየሙ የነበሩት 53,775 ተመልካቾችና በቴሌቪዥን የተከታተሉት ሚሊዮኖች ምሽቱን የደስታ ምሽት አድርገው ያስታውሱታል። ክብረ ወሰኑን የሰበረው ሰው ግን ከደስታው ይልቅ አብዝቶ ያስታውስ የነበረው ከዚያ በፊት ያሳለፋቸውን የዛቻና የጥላቻ ወራት ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሌላ መልክ ካልተገለጹ በቀር እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ሆም ራን ምንድን ነው?

ቤዝቦል በሁለት ቡድኖች መካከል የሚደረግ ጨዋታ ነው። በሜዳው ላይ አራት ማረፊያዎች (ቤዞች) በአልማዝ ቅርጽ ተቀምጠዋል፤ ከአንዱ እስከ ሚቀጥለው 27.4 ሜትር ያህል ርቀት አለ። የተከላካዩ ቡድን ወርዋሪ ኳሱን ይወረውራል፤ የተቃራኒው ቡድን መቺ ደግሞ በመነሻው ማረፊያ አጠገብ ቆሞ በእንጨት ዱላ ሊመታው ይሞክራል። መቺው ከመታ በኋላ ማረፊያዎቹን ሁሉ ዞሮ ወደ መነሻው ከተመለሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። ብዙውን ጊዜ ግን ተከላካዮቹ ኳሱን ይዘው ስለሚያግዱት በአንድ ምት ዙሩን መጨረስ አይችልም።

ኳሱ መሬት ሳይነካ የሜዳውን አጥር ተሻግሮ ከወደቀ ግን የሚያግደው የለም። መቺው ያለ ችኮላ አራቱንም ማረፊያዎች ረግጦ ይመለሳል፤ ቀድመውት በማረፊያዎቹ ላይ የነበሩ ጓደኞቹም አብረው ነጥብ ያስቆጥራሉ። ይህ ምት ሆም ራን ይባላል። በአንድ የውድድር ዘመን 35 ሆም ራን የሚመታ ተጫዋች ከጥሩዎቹ መቺዎች ይቆጠራል። 700 ለመድረስ እንግዲህ በየዓመቱ 35 እየመቱ ሃያ ዓመት መጫወት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ከፍተኛ ሊግ ታሪክ እስከ 2024 ድረስ 700 የደረሱት አሮን፣ ሩት፣ ባሪ ቦንድስና አልበርት ፑሆልስ ብቻ ናቸው።

የቤብ ሩት 714

ቤብ ሩት ከ1914 እስከ 1935 የተጫወተ ሲሆን በተለይ በኒው ዮርክ ያንኪስ ቡድን ሳለ ሆም ራንን የቤዝቦል ዋና መስህብ ያደረገ ሰው ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው የሕይወት ዘመን ክብረ ወሰን የሮጀር ኮነር 138 ነበር። ሩት ይህን በ1921 አልፎ ቁጥሩን ከአምስት እጥፍ በላይ አሳደገው። የመጨረሻውን፣ 714ኛውን ሆም ራን ሜይ 25 ቀን 1935 በፒትስበርግ ከተማ መታ። በዚያን ጊዜ የሚጫወተው ለቦስተን ብሬቭስ ነበር። ይኸው ቡድን በ1953 ወደ ሚልዋኪ፣ በ1966 ደግሞ ወደ አትላንታ ተዛወረ፤ ስለዚህ ሩት የመጨረሻ ሆም ራኑን የመታበትና አሮን ክብረ ወሰኑን የሰበረበት ቡድን አንድ ነው።

ሩት በ1948 ከሞተ በኋላም ስሙ ከጨዋታው ጋር ተጣብቆ ቀረ። ብዙ አሜሪካውያን 714 የሚለውን ቁጥር በልባቸው ያውቁት ነበር። ሩት በተጫወተባቸው ዓመታት ሁሉ ጥቁር ተጫዋቾች ከከፍተኛው ሊግ በቀለማቸው ምክንያት ታግደው ነበር። እገዳው የተሰበረው ጃኪ ሮቢንሰን ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ በተሰለፈ ጊዜ ነው። ስለዚህ የሩትን ቁጥር ጥቁር ተጫዋች ሲቃረበው ጉዳዩ ከስፖርት አልፎ ሄደ።

አሮን እስከ 1973

ሃንክ አሮን ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1934 በአላባማ ግዛት በሞቢል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ድሃ ስለነበር በልጅነቱ የጠርሙስ ቆርኪ በእንጨት እየመታ ይለማመድ ነበር። ጃኪ ሮቢንሰን ወደ ሞቢል መጥቶ ንግግር ባደረገ ጊዜ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ሊሰማው ሄደ፤ ተጫዋች ለመሆን የቆረጠውም ያኔ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል።

በ1952 ለጥቁሮች በተለየው ሊግ ውስጥ ለኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ተጫወተ። በዚያ ጊዜ ከደረሰበት ሁሉ አንዱን ከአእምሮው ሊያወጣው አልቻለም። በዋሽንግተን ከተማ ከጓደኞቹ ጋር ምግብ ቤት ገብተው ከበሉ በኋላ፣ እነርሱ የበሉባቸው ሳህኖች በወጥ ቤቱ ውስጥ ሲሰባበሩ ሰማ። ብሬቭስ በዚያው ዓመት ውሉን በ10,000 ዶላር ገዛው። በ1953 በፍሎሪዳ ግዛት ለጃክሰንቪል ሲጫወት በዚያ የደቡብ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰለፉት ጥቁር ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ከነጭ ጓደኞቹ ጋር በአንድ ሆቴል ማደር አይፈቀድለትም ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

ወደ ከፍተኛው ሊግ ኤፕሪል 13 ቀን 1954 ገባ፤ የመጀመሪያ ሆም ራኑንም በዚያው ወር መታ። በ1957 ሚልዋኪ ብሬቭስ ያንኪስን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን አሮን የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ ተመረጠ። በአንድ የውድድር ዘመን 50 ሆም ራን መትቶ አያውቅም፤ ከፍተኛው በ1971 የመታው 47 ነው። ጥንካሬው አለመቋረጡ ነበር። ከ1955 ጀምሮ ለ19 ተከታታይ ዓመታት በየዓመቱ ከ20 በላይ መታ። ጋዜጦች ስለ ሌሎች ደማቅ ተጫዋቾች ሲጽፉ እርሱ በዝምታ ቁጥሩን ያሳድግ ነበር። ብዙ የቤዝቦል አፍቃሪዎች ወደ 714 መቃረቡን ያስተዋሉት ዘግይተው ነው።

ቡድኑ በ1966 ወደ አትላንታ ሲዛወር አሮን ደስተኛ አልነበረም። ለጥቁሮች እኩል የሕዝብ አገልግሎት የሚያረጋግጠው የሲቪል መብቶች ሕግ ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ደቡብን ደግሞ ከልጅነቱ ያውቀዋል። አትላንታ ግን በፍጥነት ትለወጥ ነበር። ክብረ ወሰኑ በተሰበረበት በ1974 ዓመት መጀመሪያ ላይ የከተማዋ የመጀመሪያ ጥቁር ከንቲባ ሜይናርድ ጃክሰን ሥራ ጀምረው ነበር።

የደብዳቤዎቹ ዓመት

በ1973 አሮን 39 ዓመቱ ነበር። በዚያ የውድድር ዘመን 40 ሆም ራን መታ። ከቁጥሩ ጋር ደብዳቤውም በዛ። በዓመቱ ውስጥ 930,000 ያህል ደብዳቤዎች እንደደረሱት ተመዝግቧል፤ የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ከፖለቲከኞች በስተቀር ይህን ያህል ደብዳቤ የደረሰው ሰው የለም ሲል የመታሰቢያ ሰሌዳ ሰጥቶታል።

ከእነዚህ ብዙዎቹ የጥላቻ ደብዳቤዎች ነበሩ። ጸሐፊዎቹ በቀለሙ ይሰድቡታል፤ አንዳንዶቹ የሩትን ክብረ ወሰን ከነካ በሜዳው መካከል ተተኩሶበት እንደሚሞት ይዝታሉ። የትኛው ጨዋታ ላይ እንደሚገደል ቀኑን የሚገልጹም ነበሩ። በፊስክ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ሴት ልጁ ትታገታለች የሚል ዛቻ ስለመጣ የፌዴራሉ ምርመራ ቢሮ (ኤፍ.ቢ.አይ.) ጉዳዩን ይከታተል ነበር። የአትላንታ ፖሊስ ባልደረባ የሆነ አጃቢ ተመደበለት። በጉዞ ላይ በሌላ ስም ሆቴል ይይዛል፤ ከስታዲየም በኋላ በር ይወጣል፤ ምሳና ራቱን በክፍሉ ውስጥ ይበላል። የቡድን ጓደኛው ደስቲ ቤከር በኋላ እንደተናገረው፣ አሮን ተኩስ ቢከፈት እንዳይጎዱ በማለት ወጣት ተጫዋቾች በመቀመጫቸው ከእርሱ ራቅ እንዲሉ ይመክራቸው ነበር። አንድ የአትላንታ ጋዜጣ የስፖርት ክፍል፣ አሮን ቢገደል የሚታተም የሞት ዜና አዘጋጅቶ እስከማስቀመጥ ደርሷል።

የዛቻው ወሬ በ1973 በጋዜጦች ሲወጣ ግን ሌላ ዓይነት ደብዳቤ መጉረፍ ጀመረ። ልጆች፣ አስተማሪዎች፣ የቀድሞ ተጫዋቾችና ተራ የቤዝቦል አፍቃሪዎች በርታ ብለው ጻፉለት። የሩት ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ ክሌር ሩት ባለቤታቸው በሕይወት ቢኖር ኖሮ አሮንን ይደግፍ እንደነበር በይፋ ተናገሩ። የሥዕል ቀልድ አዘጋጁ ቻርልስ ሹልዝ በኦገስት 1973 በታዋቂው ተከታታይ ሥዕሉ ውስጥ ውሻው ስኑፒ የሩትን ክብረ ወሰን ሊሰብር ሲል የጥላቻ ደብዳቤ ሲደርሰው በማሳየት ጉዳዩን ተሳለቀበት።

ከዘረኝነት ውጭ የሆነ ክርክርም ነበር። የሩት ደጋፊዎች ሩት 714ቱን የመታው በ8,399 የመምታት ዕድሎች መሆኑን፣ አሮን ግን ከ11,000 በላይ እንደተጠቀመ ይጠቅሱ ነበር። የአሮን ደጋፊዎች በበኩላቸው ሩት ከጥቁር ወርዋሪዎች ጋር በሊግ ውድድር ገጥሞ እንደማያውቅ፣ በሌሊት ጨዋታና በአውሮፕላን ረጅም ጉዞም እንዳልተፈተነ ይመልሳሉ። ይህ ክርክር ዛሬም አልቆመም።

የአትላንታ መቀመጫዎች በዚያ ዓመት ብዙ ጊዜ ባዶ ነበሩ። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1973 አሮን 711ኛውን ሲመታ በስታዲየሙ የነበሩት ተመልካቾች 1,362 ብቻ ነበሩ። ሰባት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በዚያው ስታዲየም ከ53,000 በላይ ሰው ተገኝቷል። በዓመቱ መጨረሻ ቁጥሩ 713 ላይ ቆመ። አሮን ክረምቱን ሁሉ በሕይወት መትረፉን እየተጠራጠረ አንድ ሆም ራን ሲጠብቅ ከረመ።

714፦ ሲንሲናቲ

የ1974 ውድድር ኤፕሪል 4 ቀን በሲንሲናቲ ተጀመረ። የብሬቭስ አመራር ክብረ ወሰኑ በአትላንታ ሕዝብ ፊት እንዲሰበር ስለፈለገ አሮንን በሲንሲናቲ ላለማሰለፍ አስቦ ነበር። የሊጉ ኮሚሽነር ቦዊ ኩን ግን ቡድኑ ለማሸነፍ መጫወት እንዳለበት በመግለጽ አሮን ከሦስቱ ጨዋታዎች ቢያንስ በሁለቱ እንዲሰለፍ አሳሰቡ።

ቀኑ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደሉበት ስድስተኛ ዓመት ነበር። አሮን ከጨዋታው በፊት የኅሊና ጸሎት እንዲደረግላቸው ጠየቀ፤ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም። ከዚያ በመጀመሪያው ዙር ዱላውን ለመጀመሪያ ጊዜ በወዘወዘበት ምት የጃክ ቢሊንግሃምን ኳስ ከአጥር አሻግሮ ከሩት ጋር እኩል ሆነ። በጨዋታው ላይ ምክትል ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ተገኝተው ነበር። አሮን በቀጣዩ ጨዋታ አልተሰለፈም፤ በሦስተኛው ተሰልፎ ምንም ሳይመታ ወጣ። ክብረ ወሰኑም ወደ አትላንታ ተሻገረ።

የኤፕሪል 8 ምሽት

ሰኞ ምሽት ነበር፤ አየሩ ቀዝቃዛና ካፊያ ያለበት። የአትላንታ ፉልተን ካውንቲ ስታዲየም እስከዚያ ቀን ለብሬቭስ ጨዋታ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። ድምፃዊቷ ፐርል ቤይሊ ብሔራዊ መዝሙሩን ዘመረች። የጆርጂያ ገዥ ጂሚ ካርተር፣ አርቲስቱ ሳሚ ዴቪስ ጁኒየርና የአሮን ወላጆች ተገኝተዋል። ኮሚሽነር ኩን ግን በሌላ ቀጠሮ ወደ ክሊቭላንድ ሄደው ስለነበር ወኪላቸውን ሞንቴ ኧርቪንን ላኩ። ኧርቪን በሥነ ሥርዓቱ ላይ የኩንን ስም ሲጠራ ሕዝቡ በጩኸት ተቃወመ።

ተጋጣሚው ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ነበር። ወርዋሪው አል ዳውኒንግ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን እንደ አሮን 44 ቁጥር ለብሷል። በሁለተኛው ዙር አሮን ዱላውን አልወዘወዘም፤ የተወረወሩለት ኳሶች ከሕጋዊው ክልል ውጭ ስለነበሩ በቀጥታ ወደ አንደኛው ማረፊያ ተሸጋገረ፤ ተመልካቹም በወርዋሪው ላይ ጮኸ። ቀጥሎ ነጥብ ሲያስቆጥር በናሽናል ሊግ ታሪክ ዊሊ ሜይስ የያዘውን የነጥብ ክብረ ወሰን አለፈ፤ ሕዝቡ የሚጠብቀው ሌላ ነገር ስለነበር ይህን ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው።

በአራተኛው ዙር አሮን ተመልሶ ገባ። ዶጀርስ 3 ለ 1 ይመራ ነበር፤ ዳሬል ኢቫንስ በአንደኛው ማረፊያ ላይ ቆሟል። የዳውኒንግ የመጀመሪያ ኳስ ዝቅ ብሎ አፈር ነካ። ሁለተኛውን አሮን መታው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ነበር። ኳሱ ወደ ግራው የሜዳ ክፍል ከፍ ብሎ ተጓዘ፤ ተከላካዩ ቢል በክነር አጥሩን ተንጠላጥሎ ሊይዘው ቢሞክርም አልፎት ሄደ። ከአጥሩ በስተጀርባ የብሬቭስ ተጠባባቂ ወርዋሪዎች ከሚያሟሙቁበት ስፍራ ቶም ሃውስ በጓንቱ ቀለበው። ሃውስ ኳሱን ይዞ ሜዳውን አቋርጦ ሮጠና ለአሮን በእጁ ሰጠው።

አሮን ማረፊያዎቹን ሲዞር የዶጀርስ ተጫዋቾች እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ማረፊያ መካከል ግን ሁለት የ17 ዓመት ወጣቶች ከተመልካቹ መካከል ዘለው ገብተው ትከሻውን እየነኩ አብረውት ሮጡ። በመነሻው ማረፊያ ጓደኞቹ ከበቡት፤ እናቱ ወይዘሮ ኤስቴላም ደርሰው አንገቱን አቅፈው ያዙት። አሮን በኋላ እንደተናገረው እናቱ አጥብቀው የያዙት ሊገድለው የሚመጣ ሰው ቢኖር መጀመሪያ እርሳቸውን እንዲያገኝ ብለው ነበር። ጨዋታው ለሥነ ሥርዓት ተቋረጠ። አሮን ድምፅ ማጉያውን ሲይዝ ባጭሩ ተናግሮ በማለቁ አምላክን አመሰገነ። ገዥው ካርተር «HLA 715» የሚል፣ የስሙን መነሻ ፊደላት የያዘ የመኪና ሰሌዳ አበረከቱለት። ጨዋታው በብሬቭስ 7 ለ 4 አሸናፊነት ተጠናቀቀ፤ ብዙ ተመልካቾች ግን መጨረሻውን ሳይጠብቁ ወጥተው ነበር።

በሬዲዮና በቴሌቪዥን የቀረው ድምፅ

ምሽቱን ከሚያስታውሱት ሰዎች አብዛኞቹ በስታዲየሙ አልነበሩም፤ ትዝታቸው ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የመጣ ነው። የብሬቭስ ሬዲዮ ተራኪ ማይሎ ሃሚልተን የዘመናት ሁሉ አዲስ የሆም ራን ባለ ክብረ ወሰን መገኘቱን በጩኸት አበሰረ፤ ይህ ድምፅ ከምስሉ ጋር ተጣምሮ እስከ ዛሬ ይቀርባል።

የዶጀርስ ተራኪ ቪን ስከሊ ግን ኳሱ አጥሩን ካለፈ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ የሕዝቡን ጩኸት ብቻ አሰማ። ከዚያ ሲናገር የቁጥሩን ጉዳይ ትቶ፣ በጥልቁ ደቡብ ውስጥ አንድ ጥቁር ሰው የሁሉንም ዘመን የቤዝቦል ጣዖት ክብረ ወሰን በመስበሩ ሕዝቡ ቆሞ እያጨበጨበለት መሆኑን ገለጸ። ምሽቱ ምን ማለት እንደነበር ለማስረዳት ዛሬም በብዛት የሚጠቀሰው ይህ የስከሊ አስተያየት ነው።

አንድ ምስል፣ ሁለት ትዝታ

ሁለቱ ወጣቶች ከአሮን ጋር የሚሮጡበት ምስል በሕዝቡ ዘንድ የምሽቱ ምልክት ሆኖ ቀርቷል። ተመልካቹ የሚያየው ሁለት ነጭ ልጆች ከደስታቸው ብዛት ጥቁር ጀግናቸውን ሲያጅቡ ነው። አጃቢው ፖሊስ ያየው ግን ሌላ ነገር ነበር። በመነጽር መያዣ ውስጥ ሽጉጥ ይዞ የተቀመጠው ይህ ሰው ወጣቶቹ ወደ አሮን ሲሮጡ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መተኮስ ወይም አለመተኮስን መወሰን ነበረበት። ለክፋት እንዳልመጡ ገምቶ ሽጉጡን አላወጣም። ወጣቶቹን ፖሊስ ይዟቸው ነበር፤ በኋላ ግን ተለቀቁ። ከዓመታት በኋላ ከአሮን ጋር ተገናኝተው በወዳጅነት ተጨዋውተዋል።

በየዓመቱ ትዝታቸውን የሚናገሩ ሰዎች ኳሱ ሲበር፣ በክነር አጥሩ ላይ ሲንጠላጠል፣ እናትየው ልጃቸውን ሲያቅፉ ያነሳሉ። በዚያን ጊዜ ልጆች የነበሩ ብዙዎች ደግሞ ከአባታቸው ጋር አምሽተው የተመለከቱት ጨዋታ እንደሆነ ይናገራሉ። ለጥቁር አሜሪካውያን ትዝታው ተጨማሪ ትርጉም አለው፤ ሮቢንሰን በ1947 የከፈተው በር አሮን የጨዋታውን ትልቁን ቁጥር ሲይዝ ወለል ብሎ የተከፈተ መሰላቸው። ሮቢንሰን ራሱ በኦክቶበር 1972 ስለሞተ ይህን አላየም።

የአሮን የራሱ ትዝታ ከዚህ ይለያል። ወደ ሩት ክብረ ወሰን የተጓዘባቸው ዓመታት የሕይወቱ ምርጥ ጊዜ ሊሆኑ ሲገባቸው እንደተነጠቀባቸው ደጋግሞ ተናግሯል። የጥላቻ ደብዳቤዎቹን አልጣላቸውም፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት በቤቱ አስቀመጣቸው። ምክንያቱን ሲጠየቅ ነገሩ እንዳይረሳ ብሎ መሆኑን ይገልጽ ነበር። በ1991 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩም ስለ ደብዳቤዎቹ በስፋት ጽፏል። መጽሐፉን ያነበቡ ብዙ የቤዝቦል አፍቃሪዎች በቴሌቪዥን ያዩት ፈገግታ የሌለበት ቁጥብ ሩጫ ምን ተሸክሞ እንደነበር የተረዱት ያኔ ነው። ስለዚህ የኋለኛው ዘመን መታሰቢያዎች ከኳሱ ጋር ደብዳቤዎቹንም ማንሳት ለምደዋል።

ከ715 በኋላ

አሮን በ1975 ወደ ሚልዋኪ ተመልሶ ለብሩወርስ ቡድን ሁለት ዓመት ተጫወተ። የመጨረሻውን፣ 755ኛውን ሆም ራን ጁላይ 20 ቀን 1976 መታ። ጨዋታ ሲያቆም 3,771 ትክክለኛ ምቶችና 2,297 በምቱ የተገኙ ነጥቦች ነበሩት፤ የኋለኛው ዛሬም የሊጉ ክብረ ወሰን ነው። በ1982 በኩፐርስታውን በሚገኘው የቤዝቦል የዝነኞች አዳራሽ ገባ። በጃፓን ሊግ ሳዳሃሩ ኦ በ1977 ከ755 አልፎ እስከ 868 ደርሷል፤ የሁለቱ አገሮች ሊጎች የተለያዩ ስለሆኑ ግን ቁጥሮቹ ለየብቻ ይመዘገባሉ።

የአሮንን ክብረ ወሰን ባሪ ቦንድስ ኦገስት 7 ቀን 2007 በሳን ፍራንሲስኮ 756ኛውን በመምታት ሰበረው፤ በመጨረሻም 762 ላይ አቆመ። አሮን በቦታው አልተገኘም፤ ቀድሞ የተቀረጸ የደስታ መግለጫው ግን በስታዲየሙ ትልቅ ስክሪን ታየ። ቦንድስ በተከለከሉ አበረታች መድኃኒቶች ስለተጠረጠረ ሕዝቡ በሁለት ተከፈለ። የ1974ን ምሽት የሚያስታውሱ ብዙ ሰዎች እውነተኛው ባለ ክብረ ወሰን አሮን ነው ይላሉ፤ በሊጉ መዝገብ ግን ቁጥሩ የቦንድስ ነው። አሮን ራሱ በዚህ ክርክር ውስጥ ስሙን ከማስገባት ይቆጠብ ነበር።

ቦታውና መታሰቢያው

የአትላንታ ፉልተን ካውንቲ ስታዲየም በ1997 ፈርሶ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ኳሱ ያለፈበት የአጥር ክፍል ግን በመታሰቢያነት በቦታው ተጠብቆ ቆየ፤ 715 የሚለው ቁጥር ተጽፎበታል። ከጎኑ የተሠራው ቀጣይ ስታዲየም አድራሻ የአሮንን የመጨረሻ ቁጥር ይዞ 755 ሃንክ አሮን ድራይቭ ተባለ።

አሮን ጃንዋሪ 22 ቀን 2021 በ86 ዓመቱ በአትላንታ አረፈ። በዚያው ዓመት በከተማዋ በአንድ የደቡብ ጦር ጄኔራልና የኩ ክላክስ ክላን መሪ ስም ይጠራ የነበረ ትምህርት ቤት በእርሱ ስም እንዲጠራ ተወሰነ። 715ኛው ሆም ራን 50ኛ ዓመቱ ሲከበር፣ በ2024፣ በኩፐርስታውን የዝነኞች አዳራሽ የአሮን ሐውልት ቆመ።